ባለ ጫጩት ዶሮ ወደ መንጋዋ የምትመለስበት ልማድ

ስለ በሬና ስለ ፈረስ በአገራችን ባላገር ዘንድ የሚነገረው ብዙ ነው። በሬው እንደ መልኩና እንደ ጠባዩ ስም ይወጣለታል፤ ፈረሱም በቀድሞው ዘመን የጌታው መጠሪያ ይሆን ነበር። ዶሮ ግን በየቤቱ ያለች ሆና ሳለ በወንዶች ጨዋታ የምትነሣው ለበዓል የምትታረድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህም የሆነው የዶሮ ነገር የሴቶች ጉዳይ ተብሎ ስለሚቈጠር ነው። ዕንቁላሉን መርጣ የምታስታቅፈው፥ ጫጩቱን ከጭልፊት የምትጠብቀው፥ ያደገውንም ገበያ ወስዳ የምትሸጠው እመቤቲቱ ናት። ገንዘቡም በእጅዋ ይቀራል፤ ጨውና በርበሬ፥ ሳሙናና የልጆች ደብተር ይገዛበታል። ባልዋን ሳታስፈቅድ የምታዝበት ገንዘብ በብዙ ቤት ይኸው የዶሮና የዕንቁላል ገንዘብ ነው። ስለዚህ የአንዲት ዶሮ ጫጩቶች ማለቅ ወይም ማደግ ከውጭ ለሚመለከተው ትንሽ ነገር ቢመስልም ለባለቤቲቱ ትንሽ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚህ ሰፊ ጉዳይ አንዱን ክፍል ብቻ ነው። ይኸውም ታቅፋ የፈለፈለች ዶሮ ጫጩቶቿን ይዛ ከቤቱ ዶሮዎች ጋራ ዳግመኛ የምትቀላቀልበት ጊዜ ነው። በይበልጥ የምናገረው በሰሜን ሸዋ ደጋ፥ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሉት መንደሮች ስላለው አሠራር ሲሆን በሌላው አውራጃ የተለየ ልማድ መኖሩን አንባቢው ይወቅልኝ።

ዶሮ ከእስያ የመጣች ወፍ ናት፤ የዱር ዘመዷም ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ይኖራል። ነገር ግን ለአገራችን እንግዳ ናት ለማለት አይቻልም። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለው ሥፍራ በተደረገው ቁፋሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረ መሆኑን በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጥናት ገልጧል። እንግዲህ የባላገር ሴቶች ስለ ዶሮ ጠባይ የሚያውቁት ነገር ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የቈየበት ዘመን አጭር አይደለም።

በደጋው ቤት ለዶሮ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ቤት ብዙ ጊዜ የለም። ሰውና ከብት በሚያድሩበት ቤት ውስጥ፥ ከግድግዳው ጋራ ተያይዞ ከፍ ብሎ የተዘረጋ እንጨት አለ፤ ይህ ቆጥ ይባላል። ማታ ማታ ዶሮዎቹ ሁሉ በየተራቸው ወደዚያ ይወጣሉ። በየተራቸው ማለቴ በከንቱ አይደለም። አንድ ሰው ምሽት ላይ ተቀምጦ ቢመለከት አስቀድማ የምትወጣውና ደኅናውን ሥፍራ የምትይዘው ሁልጊዜ አንዲት ዶሮ መሆኗን፥ ወደ ጫፉ ተገፍታ የምታድረውም ሁልጊዜ አንዲት መሆኗን ያያል። ጠዋትም ጥሬ ሲበተን እንዲሁ ነው። አንዷ ስትቀርብ ሌላዋ ትሸሻለች፤ ያችም በተራዋ ከእርስዋ በታች ያለችውን በአፏ ትነቁራለች።

ይህን ነገር በሳይንስ መንገድ አስቀድሞ የጻፈው ቶርላይፍ ሺየልደሩፕ ኤበ የተባለ የኖርዌይ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የቤታቸውን ዶሮዎች እየተመለከተ ማን ማንን እንደምትነቁር በመዝገብ ሲጽፍ ቈይቶ በ1921 (እ.ኤ.አ.) ጥናቱን በጀርመንኛ አወጣ። እንደ እርሱ ጽሑፍ በአንድ ግቢ ባሉት ዶሮዎች መካከል የበላይና የበታች ተለይቶ የታወቀ ነው፤ ከታወቀም በኋላ ጠብ ይቀንሳል፥ ምክንያቱም የበታችዋ የበላይዋን ስታይ ሳትነካ ዘወር ስለምትል ነው። እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁትም በይበልጥ በራስና በፊት መልክ፥ በተለይም በራሳቸው ላይ ባለው ቀይ ሥጋ መሆኑን ከዚያ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እመቤቶቻችን ይህን በመጽሐፍ አላነበቡትም፤ ነገር ግን ከገበያ የተገዛች ዶሮ ቤት እስክትለምድ በእግሯ ታስራ የምትቀመጠው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ጠፍታ ወደ ድሮ ቤቷ እንዳትሄድ፥ ሁለተኛው የቤቱ ዶሮዎች ዓይናቸው እስኪለምዳት ድረስ ተባብረው እንዳያሳድዷት ነው።

እንግዲህ የታቀፈችውን ዶሮ ነገር እንመልከት። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ዕንቁላል ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው፤ ጥቂት ቀን ጥላ መታቀፍ ያምራታል። ባለቤቲቱ ጫጩት ያልፈለገች እንደ ሆነ ይህን አምሮቷን የምታስተውባቸው ዘዴዎች አሉ። ለጥቂት ቀን ወደ ጎረቤት ትሰዳታለች፤ ወይም ውሃ ታርሳታለች፤ በአንዳንድ ቤትም በአፍንጫዋ ቀዳዳ ላባ ይሰኩባታል፤ ይህን የመጨረሻውን እኔ አልወደውም። ጫጩት የፈለገች እንደ ሆነ ግን በቤቱ ጨለም ባለ ማዕዘን ጭድ አንጥፋ፥ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ዕንቁላል አድርጋ ታስታቅፋታለች። ነጎድጓድ ዕንቁላሉን ያበላሻል ብለው ከሥሩ ምስማር ወይም ከሰል የሚያኖሩ አሉ። ወራቱም ይመረጣል። ክረምት ብርዱና ርጥበቱ ጫጩት ስለሚፈጅ፥ እህልም በቤት ስለሚያጥር አይወደድም፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ግን መሬቱ ይደርቃል፥ አውድማውም ጥሬ አያጣም። ከዚህም በላይ በጥቅምት የተፈለፈሉት ወንዶች ለፋሲካ ገበያ ሊደርሱ ይችላሉ።

ዶሮዋ 21 ቀን ስትታቀፍ በቀን አንድ ጊዜ ያህል ተነሥታ ጥቂት ጥሬ ከመልቀሟና ውሃ ከመጠጣቷ በቀር ከዕንቁላሉ አትለይም። ሥጋዋ ይቀንሳል፤ በራስዋ ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ደሙ ሸሽቶ ይነጣል፥ ይኮማተራልም። ከመንጋው የተለየችባቸው ሳምንታትና የመልኳ መለወጥ ተደምረው፥ ከመታቀፏ በፊት የነበራት ማዕረግ ስትመለስ አይጠብቃትም። የበታችዋ የነበረችው እንኳ እንደ እንግዳ ልትቈጥራት ትችላለች። የባለ ጫጩት ዶሮ ችግር ሥሩ ይህ ነው። ብዙ ሰው ዶሮዎቹ ጫጩቶቹን ጠልተው የሚጣሉ ይመስለዋል፤ ጠቡ ግን በመጀመሪያ ከእናቲቱ ጋራ ነው፥ ጫጩቶቹ በመካከል የሚጐዱ ናቸው።

ጫጩቶቹ ከዕንቁላል ሲወጡ የአስኳሉ ትርፍ በሆዳቸው ውስጥ ስላለ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያለ ምግብ ሊቈዩ ይችላሉ። ይህም እናቲቱ የዘገዩትን ዕንቁላሎች ታቅፋ እንድትጨርስ ጊዜ ይሰጣታል። በእነዚሁ ቀኖች ውስጥ ጫጩቱ የእናቱን መልክና ድምፅ ያጠናል። ዳግላስ ስፖልዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ በ1873 (እ.ኤ.አ.) እንደ ጻፈው፥ አዲስ የተፈለፈለ ጫጩት አስቀድሞ ያየውን የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይከተላል፤ ይህንኑም ነገር ኮንራድ ሎሬንዝ በ1935 (እ.ኤ.አ.) በሰፊው አብራርቶታል። ስለዚህ እናትና ልጆች በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ለብቻቸው መሆናቸው ይጠቅማል። ገና እናቱን ለይቶ ያላወቀ ጫጩት ሙቀት ፈልጎ በማንኛዋም ዶሮ ክንፍ ሥር ይገባል፤ ያች ዶሮ ግን እናት አይደለችምና ራሱን ትነቁረዋለች።

እኔ ራሴ በልጅነቴ ያየሁትን አንድ ነገር ልናገር። እናቴ ገብስማ መልክ ያላት አንዲት ዶሮ ነበረቻት፤ ዐሥራ ሁለት ዕንቁላል ታቅፋ ዘጠኝ ፈለፈለች። በአራተኛው ቀን እንግዳ መጣና ቤቱ ጠበበ፤ ጫጩቶቹ የነበሩበትም እንቅብ ለሌላ ሥራ ተፈለገ። እናቲቱ ከነልጆቿ ማታ ላይ፥ ሌሎቹ ዶሮዎች በጠባቡ የጥጃ ጋጣ ገብስ ሲለቅሙ፥ በመካከላቸው ተለቀቀች። ወዲያው አንዲት ቀይ ዶሮ ዘላ ያዘቻት። ሁለቱ ሲጣሉ ከእግራቸው ሥር የነበሩት ሁለት ጫጩቶች ተረግጠው ሞቱ፤ አንዱ በግድግዳው ቀዳዳ ገብቶ ሌሊቱን ብርድ ገደለው፤ አንዱን ቀይዋ ዶሮ ራሱን ነቁራ ጣለችው። ሲነጋ የቀሩት አምስት ነበሩ። ከእነዚያ ጫጩቶች ሽያጭ ለእኔ ጫማ ሊገዛልኝ ታስቦ ነበረ፤ ጫማውም በሌላ ዓመት መጣ። እናቴ ቀይዋን ዶሮ ክፉ አለቻት፤ ዛሬ ሳስበው ግን ጥፋቱ የዶሮዋ አልነበረም። ጊዜው ማታ፥ ሥፍራው ጠባብ፥ ምግቡም በአንድ ቦታ የተበተነ ነበረ፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢለወጥ ጉዳቱ በቀነሰ ነበር።

ልምድ ያላቸው እመቤቶች የሚያደርጉት ከዚህ የተለየ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀኖች እናቲቱን ከነጫጩቶቿ በምድጃው አጠገብ በተደፋ እንቅብ ሥር ያኖሯታል። እንቅብ ጥቅጥቅ ብሎ የተሰፋ ስለ ሆነ ብርድ አያስገባም፤ ሙቀት ደግሞ በዚያ ጊዜ ከምግብ ይበልጣል። ነገር ግን በእንቅብ ሥር ያለችን ዶሮ ሌሎቹ አያዩአትም፥ እርስዋም አታያቸውም። ስለዚህ ከጥቂት ቀን በኋላ ከስንጥር ወይም ከቀርከሃ በተሠራ ቅርጫት ይለውጡታል። ቅርጫቱ ቀን ቀን ጠሐይ ሲሞቅ በደጃፉ ይደፋል፥ ድንጋይም ይጫንበታል። የቤቱ ዶሮዎች መጥተው በስንጥሩ መካከል ይመለከታሉ፤ የበላይዋም ላባዋን ነፍታ ትዞራለች፤ ከውስጥ ያለችው እናት ክንፏን ዘርግታ ትመልስላታለች። ጠቡ በዓይን ይደረጋል፥ ደም ግን አይፈስበትም። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን የሚመጡት እያነሡ ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም ከቅርጫቱ አጠገብ ዐመድ ላይ ተንከባለው ይተኛሉ። እመቤቲቱ ይህን ስታይ ጊዜው ደረሰ ትላለች።

የምትለቃቸውም በማለዳ ሳይሆን ረፋድ ላይ ነው። ሌሎቹ ዶሮዎች ጠዋት የተበተነላቸውን ለቅመው፥ ሆዳቸው ሞልቶ በጓሮ ከተበተኑ በኋላ ቅርጫቱን ታነሣለች። ጥሬውንም በሁለት በሦስት ቦታ ትበትናለች፤ ለጫጩቶቹ የእንጀራ ፍርፋሪ ወይም የተከካ እህል ትጨምራለች። እናቲቱ አንዱን ቅንጣት አንሥታ እየጣለች፥ ድምፅዋን ደጋግማ እያሰማች ልጆቿን ትጠራለች፤ እነርሱም አፏን እያዩ መልቀም ይማራሉ። የበላይ ነኝ የምትለው አንዲቱ አልታገሥ ያለች እንደ ሆነ ማሰር የሚገባው እናቲቱን ሳይሆን ያችን ነው። ለሁለት ቀን በእግሯ ታስራ ትውላለች፤ ስትፈታ የእርስዋም ማዕረግ ጥቂት ተናውጦ ስለሚቈያት ትበርዳለች። ይህን ዘዴ አንዲት ሽማግሌ ጎረቤታችን ስታደርገው አይቼ ነበረ፤ ያን ጊዜ ቅጣት መስሎኝ ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ ቅርጫትም እንቅብም ሳትፈልግ እናቲቱን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በሰፊ ጓሮ የምትለቅ እመቤት ብዙ ናት፤ እርስዋም የምትናገረው ምክንያት አላት። ጫጩት የያዘች ዶሮ በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ነብር ናት፤ አውራውን እንኳ ታባርራለች፥ ድመትና ውሻም ይሸሿታል። ሰውነቷ የከሳ ቢሆንም ድፍረቷ ከመንጋው ሁሉ ይበልጣልና ያጣችውን ማዕረግ ለጊዜው በግድ ታስመልሳለች። ጫጩቶቹ ካደጉ በኋላ ግን ቁጣዋ እየበረደ ይሄዳል። እንግዲህ ለሁለት ወር ተለይታ የቈየች ዶሮ ስትመለስ ቁጣዋም የለ፥ የሚያውቃትም የለ፤ የሚደርስባት ዱላ ያን ጊዜ ይበዛል። በእኔ አስተያየት ጓሮው ሰፊ፥ መሸሻውም ብዙ ከሆነ ቶሎ መልቀቁ ይሻላል፤ ግቢው ጠባብ ከሆነ ግን፥ በዛሬው ጊዜ በከተማ እንደሚታየው፥ የቅርጫቱን መንገድ መተው ሞኝነት ነው። ከሁለቱም የከፋው አርቆ መለየትና ድንገት መቀላቀል ነው።

መንጋው ለጫጩቶቹ ጠላት ብቻ ነው ማለት አይደለም። ጭልፊት ከሰማይ ሲታይ አስቀድሞ የሚያየው ብዙ ጊዜ አውራው ነው፤ ለሰማይ ጠላትና በምድር ለሚመጣው ለድመት ወይም ለሸለምጥማጥ የሚያሰማው ድምፅ የተለያየ ነው። የሰማዩን ሲሰሙ ሁሉም በቊጥቋጦ ሥር ተኝተው ዝም ይላሉ፤ የምድሩን ሲሰሙ ግን ቀና ብለው ይንጫጫሉ። ብቻዋን በሜዳ የምትዞር እናት በሁለት ዓይኗ ዘጠኝ ጫጩት መጠበቅ ይቸግራታል። በአገራችን በባላገር ቤት ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች እንደሚሞቱ የሚናገሩ ጥናቶች አሉ፤ ምክንያቱም በይበልጥ በሽታና አውሬ ነው።

በሽታ ሲባል ከሁሉ የሚፈራው ፈንግል ነው። ይህ በሽታ ከገባ ባለ ጫጩቷን ከመንጋው መቀላቀልም አለመቀላቀልም ዋጋ የለውም፤ ቆጡ በአንድ ሳምንት ባዶ ይቀራል። ብዙ ጊዜም የሚገባው ከገበያ ተገዝታ በዚያው ቀን ከሌሎቹ ጋራ በምትቀላቀል ዶሮ ነው። አዲሷን ዶሮ አስሮ የማቈየት የቀድሞው ልማድ በዚህም በኩል ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ ከቤቱ ዶሮዎች አጠገብ ታስራ በአንድ ገበታ ውሃ የምትጠጣ ከሆነ ከበሽታው አያድንም። ክትባቱ በቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራል፤ ከእርሱም በዓይን ጠብታ የሚሰጥ አለ።

ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ አለማያና ወደ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤቶች የመጡት የውጭ ዘሮች፥ በተለይም ነጩ ሌግሆርን፥ ዕንቁላል ይጥላሉ እንጂ መታቀፍ አይወዱም። ስለዚህ የእነርሱን ዕንቁላል ለአገሯ ዶሮ ማስታቀፍ በየቦታው ተለምዷል፤ እርስዋም ልዩነቱን ሳታይ ታሳድጋቸዋለች። በዛሬው ጊዜ ደግሞ በመሣሪያ ተፈልፍለው አንድ ወር ተኩል ያህል ያደጉ ጫጩቶች ለገበሬው ይሸጣሉ። እነዚህ እናት የላቸውም። የሚጣላላቸውም፥ ጥሬ የሚጠራላቸውም የለም፤ ወደ ግቢው ሲገቡ የቤቱ ዶሮዎች ሁሉ ይሰለጥኑባቸዋል። የገዛቻቸው ሴት በሽቦ ወይም በእንጨት አጥር ለይታ ለሳምንት ያህል ካላሳየቻቸው የከፈለችው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። የቅርጫቱ ዘዴ ለእነዚህም ያገለግላል፤ ልዩነቱ ቅርጫቱ ትልቅ መሆን አለበት።

ባለ ጫጩቷ ከተቀላቀለች በኋላ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለተኛ ቀን አለው። ሁለት ወር ገደማ ሲሆን የጫጩቶቹ ላባ ሞልቶ ብርድ መቋቋም ይችላሉ። በእናቲቱ ራስ ላይ ያለው ሥጋ እንደገና ይቀላል፤ ዕንቁላል ልትጥል ተዘጋጅታለችና። አንድ ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ ሊለቅም አጠገቧ የመጣውን የራስዋን ልጅ ትነቁረዋለች። ጫጩቱ ጥቂት ሸሽቶ ቆሞ ይመለከታታል፥ ደግሞም ይመጣል፥ ደግማ ትመታዋለች። ለሚያየው ሰው የሚያሳዝን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫጩቶቹ በመንጋው ሥርዓት ከሁሉ በታች ሆነው ለብቻቸው ይገባሉ፤ እርስ በርሳቸውም ማን ከማን እንደሚበልጥ በጠብ ይለያሉ፤ ሴቶቹ ቄብ እስኪባሉ፥ ወንዶቹም ድምፃቸው እስኪወጣ ድረስ እንዲህ ይኖራሉ።

የከበደው ግን ማታው ነው። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ከእናታቸው ክንፍ ሥር መሬት ላይ ያድሩ ነበረ፤ አሁን እርስዋ ወደ ቆጡ ወጥታለች። ጫጩቶቹ ከታች ሆነው እየጮኹ ወደ ላይ ያያሉ፤ አንዱ ይዘላል፥ ይወድቃል፤ ሌላው ደርሶ ሲቀመጥ ትልቆቹ ገፍተው ይጥሉታል። መሬት ካደሩ ሸለምጥማጥ ይበላቸዋል። ስለዚህ እመቤቲቱ ሁሉ ከጨለመና ትልቆቹ ዶሮዎች ካንቀላፉ በኋላ ትነሣለች፤ ዶሮ በጨለማ አይታያትምና አትጣላም። ጫጩቶቹን አንድ በአንድ በእጅዋ እያነሣች በቆጡ ላይ፥ በእናቲቱ ወገን ታስቀምጣቸዋለች። በማግስቱም እንዲሁ ታደርጋለች። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ምሽት ራሳቸው ይወጣሉ።